ሣር የማይበቅልበት የጎልፍ ሜዳ



የጎልፍ ጨዋታ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ከዓለም የጎልፍ ሜዳዎች ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው የሚል ነው። አንደኛው በስኮትላንድ አገር ያለውን የሴንት አንድሩስን ሜዳ ይጠራል፤ ሁለተኛው በአሜሪካ የሚገኘውን የኦገስታን ሜዳ ያመሰግናል፤ ሦስተኛው ደግሞ በካሊፎርንያ ባሕር ዳር ያለውን የፔብል ቢችን ሜዳ ያወድሳል። ክርክሩ ክፋት የለበትም፤ ጊዜ ያሳልፋል፤ ወዳጅነትንም ያጠነክራል። ነገር ግን ደጋግመን እንደ ታዘብነው፣ ከሞላ ጐደል ሁሉም ሜዳውን የሚመዝኑት በሣሩ ነው። ሣሩ እንደ ስጋጃ የለሰለሰ ከሆነ ሜዳው ይመሰገናል፤ ሣር የሌለው ሜዳ ግን ከቍጥርም አይገባም።

እኛ በዛሬው ዓምዳችን ልናነሣ ያሰብነው ይህንኑ ከቍጥር ያልገባውን ሜዳ ነው። ስለ እርሱም ለመናገር አንባቢያችንን ይዘን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን፣ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ወደሚገናኙበት ወደ ካርቱም ከተማ እንወርዳለን።

ካርቱምና ስፖርት በአንድነት ሲነሡ ብዙ ኢትዮጵያዊ ወዲያው የሚያስታውሰው የ1949 ዓ.ም. የካቲት ወርን ነው። በዚያ ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የእግር ኳስ ውድድር በካርቱም ሲደረግ የተወዳደሩት ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻውም ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ያ የእግር ኳስ ሜዳ ስሙ በታሪክ ተጽፎ ይኖራል። እኛ የምንናገርለት ሜዳ ግን እንደዚህ ያለ ዝና የለውም፤ ከሩቅ ለሚያየውም ሰው ሜዳ መሆኑ እንኳ አይታወቅም።

አስቀድመን የጎልፍን ጨዋታ ላላዩ አንባብያን ጥቂት እናብራራ። ይህን ለማድረግ ከልጅነታችን ጀምሮ ከምናውቀው ከገና ጨዋታ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ሆነን፣ ጫፉ የቈለመመ በትር ይዘን፣ አንዲቱን ሩር እየተሻማን እንመታለን። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን እንድትረዱት «ሩር» ማለት በገና የሚጫወቱባት ትንሽ ድቡልቡል ኳስ ናት። ጎልፍም እንደዚሁ በበትርና በትንሽ ኳስ የሚደረግ ነው። ልዩነቱ በጎልፍ መሻማት አለመኖሩ ነው፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ ብቻ እየመታ፣ በሜዳው ላይ በየርቀቱ በተቈፈሩት ጉድጓዶች ውስጥ በተራ ያስገባል። በጥቂት ምት የጨረሰው ያሸንፋል።

ደንቡም ጥብቅ ነው። የኳሲቱ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ክብደቷም ከ45.93 ግራም መብለጥ የለበትም። የጉድጓዱ አፍ ስፋት በየትም አገር 108 ሚሊ ሜትር ነው። ተጫዋቹ ይዞ የሚወጣው በትር ከ14 አይበልጥም። ሙሉ የሚባለው ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ 9 ብቻ ያለውም ብዙ ነው። ጉድጓዱ የሚገኝበት ስፍራ ሣሩ እጅግ አጥሮ የታጨደ ስለሆነ እንግሊዞች «ግሪን» ብለው ይጠሩታል፤ አረንጓዴ ማለት ነው። እንግዲህ የሜዳው ሁሉ ኩራት በዚህ በአረንጓዴው ክብ ላይ ነው።

ይህ ጨዋታ ወደ ካርቱም የመጣው ከእንግሊዞች ጋራ ነው። ሱዳን ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አስተዳደር ሥር ሆና፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን እስክታገኝ ድረስ፣ በየከተማው የተመደቡት እንግሊዛውያን ሹማምንት ከአገራቸው የለመዱትን ጨዋታ ሁሉ ይዘው ሄዱ። ፈረስ ግልቢያው፣ ቴኒሱ፣ ፖሎው ቦታ አገኘ። ጎልፍ ግን ችግር ገጠመው። በካርቱም በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እርሱም በክረምቱ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወርዶ ያልቃል። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ እንደሚዘንብ ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። በግንቦትና በሰኔ የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከዚህም በላይ አገሬው «ሀቡብ» የሚለው የአቧራ ማዕበል እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣና ቀኑን ያጨልመዋል። በእንደዚህ ያለ ስፍራ ሣር አብቅሎ ማቆየት ጨዋታ ሳይሆን ከፍጥረት ጋራ መዋጋት ነው።

ስለዚህ በአሸዋው ላይ ተጫወቱ። በአረንጓዴው ክብ ፈንታ አሸዋውን ነፍተው፣ ነፋስ እንዳይወስደው በዘይት አርሰው፣ ደልድለው ክብ ስፍራ ሠሩ። ቀለሙ ቡናማ ስለሆነም በእንግሊዝኛ «ብራውን» አሉት፤ ቡናማ ማለት ነው። የአገራችን ገበሬ ይህን ዘዴ ቢያይ አይደነቅም። እርሱም በመኸር ጊዜ አውድማውን ጠርጎ በእበት የሚለቀልቀው፣ እህሉ ከአፈር ጋራ እንዳይቀላቀልና መሬቱ እንዳይቦንን ብሎ ነው። አንዱ በእበት፣ ሌላው በዘይት ይሥራው እንጂ ጥበቡ አንድ ነው፤ ባለው ነገር የሌለውን መተካት ነው።

አጨዋወቱም የራሱ ሥርዓት አለው። በአሸዋማ ሜዳ የሚጫወት ሰው ከበትሮቹ ጋራ አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ይዞ ይዞራል፤ ኳሱ በመንገድ ላይ በደረቁ አሸዋ ላይ ሲያርፍ አንሥቶ በምንጣፏ ላይ ያኖረውና ከዚያ ይመታል። ከቡናማው ክብ ሲደርስ ደግሞ በረጅም እጀታ ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ብረት የተመታበት መጐተቻ ያገኛል። በእርሱ ከኳሱ እስከ ጉድጓዱ ድረስ መንገድ ጠርጎ ኳሱን በዚያ ላይ ያንከባልላል። ጨርሶ ሲሄድ የራሱን ዱካ ደምስሶ፣ ክቡን እንደ ነበረ አድርጎ ለሚከተለው ሰው መተው አለበት። ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ተጫዋች ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እንደ ባለጌ ይቈጠራል።

እኛም ይህን የተማርነው በንባብ ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ለሥራ ጉዳይ ወደ ካርቱም በሄድን ጊዜ አንድ ሱዳናዊ ወዳጃችን «ነገ ማለዳ የጎልፍ ሜዳ አሳይዎታለሁ» አለን። ፀሐይ ሳትወጣ መጥቶ ወሰደን። ከመኪና ወርደን ዙሪያውን ብናይ፣ ጠፍ መሬትና አልፎ አልፎ የቆሙ የግራር ዛፎች ብቻ ነበሩ። «ሜዳው ወዴት ነው?» ብለን ብንጠይቀው ወዳጃችን ፈገግ ብሎ «የቆሙበት ነው» አለን። እኛም በልባችን ሳቅን። አዲስ አበባ ውስጥ በአሮጌው አየር ማረፊያ ሰፈር የነበረውን የሣር ሜዳ እያስታወስን፣ ይህ ደግሞ ሜዳ ይባላልን እያልን፣ ባንዲራ ወደ ተተከለበት አንድ ክብ ስፍራ ረግጠን ገባን።

በክቡ ዳር ነጭ ጀላቢያ የለበሱ፣ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ መጐተቻቸውን ይዘው ቆመው ኖሯል። ወዳጃችን «ዓም» እያለ በአክብሮት ይጠራቸው ነበር፤ በእኛ ቋንቋ «አጎቴ» እንደ ማለት ነው። እኛ የረገጥነው ክብ እርሳቸው ገና ደልድለው የጨረሱት ነበረ። አልተቈጡንም። ዝም ብለው መጐተቻውን በእጃችን ሰጡንና በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ወዳጃችንም «የሄዱበትን ይመልሱ ይላሉ» ብሎ ተረጐመልን።

ሥራው ቀላል መስሎን ጀመርን። ከዳር ተነሥተን ወደ ጉድጓዱ ስንጐትት አንዱን ዱካ አጥፍተን ሌላውን እንተው ጀመር። ፀሐይዋ ወጣች፤ ላቡም መጣ። ሽማግሌው ጥቂት ካዩን በኋላ ቀርበው መንገዱን አሳዩን፦ «ከጉድጓዱ ይነሡና እየዞሩ ወደ ውጭ ይውጡ፤ አለዚያ የራስዎ እግር የራስዎን ሥራ ያበላሻል» አሉን። እንደ ነገሩን አደረግን፤ ክቡም እንደ ቀድሞው ሆነ ባይባልም ደኅና ሆነ።

ከዚያ በኋላ ከዛፉ ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ «ነፋሱ መጥቶ ሲያበላሽብዎ አይሰለችዎትም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ነፋሱ ሥራውን ይሠራል፤ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ» አሉን። ቀጥለውም «በእናንተ አገር የጨዋታውን ሣር ማን ያጠጣዋል?» ሲሉ መልሰው ጠየቁን። «ዝናብ ያጠጣዋል» አልናቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፦ «የእናንተው ዝናብ ነው በወንዙ የሚመጣልን። እርሱ ለመጠጥና ለእርሻ ነው እንጂ ለመጫወቻ አይደለም» አሉን። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሜዳ ላይ ለመሳቅ ድፍረት አላገኘንም።

በዚህ አጋጣሚ አማርኛን ለሚማሩ ሹማምንት ስለ አንድ ቃል ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። ከዚህ በላይ ደጋግመን የጻፍነው «ደለደለ» የሚለው ግሥ፣ ወጣ ገባ የሆነውን መሬት አስተካከለ ማለት ነው። ከእርሱ የወጣው «ደልዳላ» የተስተካከለውን ስፍራ ይገልጻል። በመሥሪያ ቤታችሁ ዘወትር የምትሰሙት «የሠራተኞች ድልድል» የሚለውም ከዚሁ ግሥ የተገኘ ነው፤ ሰውን ሁሉ በሚስማማው ስፍራ ማስቀመጥ ማለት ነውና። እንግዲህ መሬት የሚደለድለውና ሰው የሚደለድለው በአማርኛ አንድ ቃል ይካፈላሉ ማለት ነው። ለሁለቱም የሽማግሌው ምክር የሚጠቅም ይመስለናል፤ ከመካከል ጀምሮ ወደ ውጭ የማይሠራ ሰው የራሱ ዱካ መልሶ ያሳጣዋል።

አሁን «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአሸዋው ሜዳ የሣሩን ያጡ ሰዎች የተጽናኑበት ምትክ ነው እንጂ እውነተኛ ጎልፍ አይደለም» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን ከጨዋታው ታሪክ ይገኛል። የስኮትላንድ ሰዎች ጎልፍን የጀመሩት በተመረጠ ለም መሬት ላይ አልነበረም። በባሕሩና በእርሻው መካከል ባለው፣ አሸዋማ ስለሆነ እህል በማይዘራበት ጠርዝ ላይ ነው። ጨዋታው በዚያ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ለማወቅ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1457 የአገሩ ምክር ቤት ሰዎች የቀስት ልምምዳቸውን ትተዋል ብሎ ጎልፍንና እግር ኳስን መከልከሉን ማስታወስ ይበቃል። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚከተለውን የ18 ጉድጓድ ልማድ ያመጣው የሴንት አንድሩስ ሜዳ ነው፤ በ1764 ከ22 ወደ 18 ዝቅ ስላደረገ። እርሱም እስከ ዛሬ ድረስ ያለው በዚያ በባሕር ዳር አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ጎልፍ ሲወለድ ሌላ ጥቅም የማይሰጠውን መሬት ለደስታ የማዋል ጥበብ ነበረ። የካርቱሙ ሜዳ ከዚህ ምንጭ የራቀ ሳይሆን የቀረበ ነው።

ሌላም ማስረጃ እንጨምር። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የፓይንኸርስት ሁለተኛው ሜዳ ዛሬ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። በ1999፣ በ2005፣ በ2014 እና በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የጎልፍ ውድድር ተደርጎበታል። ነገር ግን በ1907 ከተከፈተ ጀምሮ እስከ 1935 ገደማ ድረስ የጉድጓዶቹ ክቦች የአሸዋ እንጂ የሣር አልነበሩም፤ ስሙን የተከለውም በአሸዋ ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው በ2010 እና በ2011 ሜዳው ሲታደስ የሆነው ነው። ከ10 ሄክታር በላይ የሆነውን የለመለመ ሣር ነቅለው አውጥተው፣ ከአሸዋው ጋራ የአገሩን የዱር ሣር በየቦታው መለሱ፤ የሚያጠጡትም ውሃ ብዙ ቀነሰ። ባለጠጋው ሜዳ ብዙ ዓመት ደክሞ ወደ ድኻው ሜዳ ጥበብ ተመለሰ ማለት ነው።

በአውስትራሊያ በረሃ ኩበር ፒዲ በምትባል የማዕድን ከተማም ሣር የሌለበት ሜዳ አለ። ተጫዋቹ እንደ ካርቱሙ ሰው ትንሽ ምንጣፉን ይዞ ይዞራል፤ ከቀኑ ሙቀት ለመሸሽም በሚያበራ ኳስ በሌሊት የሚጫወትበት ጊዜ አለ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶርያ ሐይቅ በሚወጣበት በዑጋንዳዋ በጂንጃ ደግሞ ሣር ሞልቷል፤ ነገር ግን ጉማሬ ከወንዙ እየወጣ ሜዳውን ይረግጥ ስለ ነበረ፣ ኳሱ በጉማሬ ዱካ ውስጥ የወደቀበት ሰው ያለ ቅጣት አንሥቶ እንዲያኖረው ደንብ ተደነገገ። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ የሚመሰገነው ሜዳ የሌላውን አገር ሜዳ የመሰለው ሳይሆን የራሱን መሬት ጠባይ አውቆ ለእርሱ የሚስማማ ደንብ ያወጣው ነው።

ነገሩ ግን የጨዋታ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ የውሃ ነገር ነው። በዱባይ በ1971 የተቋቋመው የአገሩ ክለብ በአሸዋ ላይ ይጫወት ነበር። በ1988 ግን የኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ሙሉ በሙሉ የሣር የሆነ ሜዳ በበረሃው ላይ ከፈተ። ሰውም ተደነቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ የአሸዋውም ክለብ በ2007 ተዘጋ። ዱባይ ጨዉ የተለየለትን የባሕር ውሃ የምትገዛበት ገንዘብ አላት። ያ ገንዘብ የሌለው አገር ይህን ምሳሌ ሲከተል ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እንዳይሆን እንሰጋለን።

አንባቢያችን ሒሳቡን ከእኛ ጋራ ያስላ። እንደ ካርቱም ባለ ፀሐይ የሚጠጣው ውሃ በቀን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ አንድ ሄክታር ሣር በቀን 70 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። የሜዳው ሣር 40 ሄክታር ቢሆን በየቀኑ 2,800 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሊትር ሲቈጠር 2,800,000 ነው። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንመድብ ይህ ውሃ ለ56,000 ሰዎች ይበቃል። እንግዲህ የአንዲት መካከለኛ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣውንና የሚታጠብበትን ያህል ውሃ በየቀኑ ለአንድ መጫወቻ ማፍሰስ ነው። የአሸዋው ሜዳ ግን አንዲት ባልዲ እንኳ አይጠይቅም። ያ ሽማግሌ ከዛፉ ሥር ሆነው በአንድ ቃል የነገሩን ይህንኑ ሒሳብ ነበር።

ይሁን እንጂ ለምናመሰግነው ነገር ጕድለቱን መሸሸግ የዚህ ዓምድ ልማድ አይደለም። በአሸዋው ላይ ይፈስ የነበረው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነበረ፤ እንዲህ ያለው ዘይት ወደ መሬት ሲሰርግ አፈሩንና የከርሰ ምድሩን ውሃ እንደሚበክል ዛሬ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ሰው አሸዋውን ብቻ ነፍቶ ቢደለድል ወይም ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ቢያነጥፍ ይሻላል። ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዞች ዘመን ክቡን የሚደለድሉት፣ የበትሩን ከረጢት ተሸክመው የሚከተሉት ሱዳናውያን ነበሩ፤ በክለቡ መዝገብ የሚጻፈው ግን የእነርሱ ስም አልነበረም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናሉ ብለን ላደግን ለእኛ ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። እንግዲህ የአሸዋው ሜዳ ክብር የሚገባው ነው ስንል፣ ክብሩን የምንሰጠው ኳሱን ለመቱት ሳይሆን አሸዋውን ለደለደሉት እጆች መሆኑ ይታወቅልን።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለማንሣት ያስገደደን የካርቱም ኀዘን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል የተነሣው ውጊያ ያችን ከተማ የጦር ሜዳ አደረጋት። «ሜዳ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ለጨዋታም ለጦርነትም ማገልገሉ እንደዚያን ጊዜ መርሮን አያውቅም። በካርቱም ሠርተው የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋራ በጋላባትና በመተማ በኩል ተሰደው ወጡ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የካርቱምን ግዛት በሙሉ መያዙን አስታወቀ፤ ውጊያው ግን ከዚያም በኋላ በሌሎች የአገሩ ክፍሎች ቀጠለ።

የፈረሰ ከተማ ሲታደስ ባለሙያዎች ብዙ ወረቀት ዘርግተው ይመጣሉ። በወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ያን ጊዜ የካርቱም ሹማምንት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው ለቤትና ለሆስፒታል መድረሱን አረጋግጠው፣ ልጆችና ጎልማሶች የሚጫወቱበትን ስፍራ በአሸዋው ላይ እንዲደለድሉ እንመኛለን። ሰላም የገባበት ከተማ ምልክቱ የሣሩ ልምላሜ አይደለም። ሰው ማለዳ ተነሥቶ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ የትናንቱን ዱካ ሲያስተካክል መታየቱ ነው።

ይህ ምክር ለካርቱም ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን ልጆች የሚጫወቱበት ባዶ መሬት አለ፤ ሣር ስለሌለው እንደ ጠፍ ተቈጥሮ ቆሻሻ ይጣልበታል፤ ወይም አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ይታጠራል። አንባቢያችን አባት ወይም እናት ከሆኑ በሚመጣው ቅዳሜ ማለዳ ከልጆቻቸው ጋራ ወጥተው ድንጋዩን ይልቀሙ፤ ወጣ ገባውን ይደልድሉ። ሹም የሆኑ እንደ ሆነም ያን መሬት «ምንም የለበትም» ብለው ከመፈረማቸው በፊት፣ አንድ ቀን በአሥር ሰዓት ላይ ሄደው ማን እንደሚጫወትበት ይዩ።

ከካርቱም ስንመለስ ወዳጃችን ከዚያ ሜዳ ያነሣትን አንዲት አሮጌ ኳስ ሰጠን። ነጭነቷ በአሸዋው ተፍቆ ጠፍቷል። በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ አኑረናታል። ወረቀት ልንፈርም ስንል ዓይናችን ያርፍባታል፤ የሄድንበትን መመለሳችንንም ትጠይቀናለች።